ጋሽ ፍስሐ እና «ወራጅ» የሚገባው ማሽን

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «አቶ ኃይለ መለኮት ወልደ ተንሳይ አርፈዋል፤ ቀብራቸው ስድስት ሰዓት ቀራንዮ ነው!» ሲል፣ እኔ ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ ነበር። «ነፍስ ይማር» አልኩና መታጠቤን ቀጠልኩ። የማላውቃቸው ሰው ናቸው። እንዲያውም ጥሩምባው ጆሮዬ ሥር ስለጮኸ ትንሽ ተናድጄም ነበር። ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ ቅድስት ደወለች። ቅድስት የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ናት፤ ስትደውል ሰላምታ እንኳን አታበዛም፣ ቀጥታ ወደ ሥራ ነው። የዚያን ቀን ግን አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«ሃሎ? ቅድስት?»

«ዳዊት... ጋሽ ፍስሐ እኮ አረፉ።»

እንዴት ብዬ፣ መቼ ብዬ ጠየቅኋት። ቀብሩ ስድስት ሰዓት ቀራንዮ ነው ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ የሠራሁት ሰው ስማቸው ኃይለ መለኮት መሆኑን ከጥሩምባ ሰማሁ፤ ሰምቼም አላወቅኋቸውም። ሳሙናውን እየተለቀለቅሁ ነፍስ ይማር ያልኩት ለጋሽ ፍስሐ ነበር።

ለቅሶው ቤት ስንደርስ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚጠራውን ስም ለሚሰማ የሞተው አንድ ሰው ብቻ አይመስልም። በቀኝ በኩል የሰፈሩ ሰዎች «ቲቸር! ቲቸር!» ይላሉ፤ ድሮ ሒሳብ ያስተምሩ ስለነበር። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች «ጌትዬ» እያሉ ያለቅሳሉ። እኛ ደግሞ «ጋሽ ፍስሐ» እያልን ገባን። ማርታ የምትባል ከሳንሱሲ የመጣች የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ቁጭ ብላ ትንሽ ካለቀሰች በኋላ፣ ዙሪያዋ የሚጠራውን ስም ሰማችና ደንግጣ ተነሣች። ልትወጣ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ተቀመጪ፣ አልተሳሳትሽም።»

«የኛ ሰውዬ ናቸው?»

«ናቸው።»

ቤቱን እንዴት እንዳገኘችው ጠየቅኋት። መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ገብታ «ሁለት መነጽር የሚያደርጉት ሰውዬ ቤት የት ነው?» አለች፤ ባለሱቁም በጣቱ አሳያት። ሁሉም የየራሱን ስም ይዞ መጥቶ እዚያው ድንኳን ውስጥ ተገናኘ። ጋሽ ፍስሐ ይህን ቢያዩ ኖሮ በደስታ ጭናቸውን እየመቱ ይስቁ ነበር።

ፍስሐ የሚለውን ስም ከየት እንዳመጡት የነገረችን የቢሯችን ጽዳት ሠራተኛ እትዬ ብርቄ ናት፤ እዚያው ድንኳን ውስጥ። ጋሽ ፍስሐ መጀመሪያ ሥራ ሲገቡ የተሰጣቸው ጠረጴዛ ላይ የለቀቀ ሰው የስም ሰሌዳ ቀርቶ ነበር። እትዬ ብርቄ አነበበችውና «ጋሽ ፍስሐ፣ እግርዎን ያንሡልኝ፣ ልወልውል» አለቻቸው። እግራቸውን አነሡ። በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍስሐ ሆኑ። ስህተቷን ካወቀች በኋላ ይቅርታ ልትጠይቅ ብትሄድ «ጠራሽኝ፣ ገባኝ፤ ስም ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?» አሏት።

እሳቸውም የሰው ስም አይጨንቃቸውም። እኔን ሰለሞን ነበር የሚሉኝ። መጀመሪያ ሰሞን «ጋሽ ፍስሐ፣ እኔ ዳዊት ነኝ» ስላቸው፣ ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር በአፍንጫቸው ላይ ካለው ጋር አቀያይረው አዩኝና «ከነገሥታቱ አንዱ መሆንህን አውቄያለሁ። አባትና ልጅ ናቸው፤ ምን ያጣላናል?» አሉኝ። እኔም ሰለሞን ሲሉኝ አቤት ማለት ለመድኩ። ሁለቱን መነጽሮች፣ የሩቁንና የቅርቡን፣ እንደዚያ እያቀያየሩ አንዳንዴ ደግሞ «መነጽሬን ያየ?» ብለው ይጠይቁናል። የትኛውን እንደሆነ ጠይቀናቸው አናውቅም፤ ሁላችንም ተነሥተን ጠረጴዛ ሥር እንፈልጋለን።

ድርጅታችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ፣ ከሥሩ ሥጋ ቤት ያለበት ሕንፃ ላይ ነው። ለነጋዴዎች ፕሮግራም እንሠራለን። ትልቋ ደንበኛችን ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ከሳንሱሲ እስከ ቀራንዮ በየቦታው መድኃኒት ቤት ያላቸው ሴት። የሠራንላቸው ፕሮግራም ሥዕልም የሚነካ ነገርም የለውም። ጥቁር መስኮት ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው በጽሑፍ ነው። ሁለት ጭረት ታደርግና ቀጥለህ ቃሉን ትጽፋለህ። --ላክ ካልከው የቅርንጫፉን የመድኃኒት ክምችት ዝርዝር ወደ ዋናው ቢሮ ወይም ወደ መረጥከው ቅርንጫፍ ይልካል። --አቁም ካልከው ያቆማል። ቃሏን ትንሽ ከሳትክ ግን «ያልታወቀ ትእዛዝ» ብሎ ይዘጋብሃል።

ይህቺን «ያልታወቀ ትእዛዝ» የምትባል ነገር ጋሽ ፍስሐ እንደ ግል ጠላታቸው ነበር የሚያዩዋት። ጸባቸው የጀመረው ማርታ ከሳንሱሲ ደውላ ስልኩ ላይ ያለቀሰች ቀን ነው። --አስተላልፍ ብላ ጻፈች፣ ያልታወቀ ትእዛዝ አላት። --ስደድ አለችው፣ አላወቀም። --አድርስ አለችው፣ አላወቀም። በመጨረሻ ምን ብላ እንደጻፈች ጋሽ ፍስሐ ሲጠይቋት ትንሽ አፈረችና «--እባክህ» አለች።

ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ሰለሞን፣ ሰው እባክህ ብሎት አላውቅህም ይላል! ማን ነው ይህን ያሳደገው?»

«እኛ ነን፣ ጋሽ ፍስሐ።»

«ታዲያ እንቅጣው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራቸው ቃል መልቀም ሆነ። ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ «አንድ ነገር ከዚህ ወደ ዋናው ቢሮ እንዲሄድልህ ብትፈልግ ምን ትለዋለህ?» ይላሉ። ሥጋ ቤት ወርደው ባለቤቱን ጠየቁት፤ ቢላውን እየሞረደ «ጫነው ነዋ» አላቸው። እየሮጡ ወጥተው «ጫን»ን አስገቡ። ማሽኑም እንዲህ መመለስ ጀመረ፦ «ጫን ሲሉ ላክ ማለትዎ መስሎኛል፤ ልኬዋለሁ።» ምን እንደገባው ሳይናገር ምንም አይሠራም፣ ሰው እንዳይታለል። ለሁሉም ሰው ደግሞ እርስዎ ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ማሽን ማን ስለሆነ ነው ሰውን አንተ የሚለው?» አሉኝ።

አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ተሳፈርን። እንደተቀመጡ ዓይናቸው በራ። አንዱ «ወራጅ!» ይላል፣ ታክሲው ይቆማል። አንዷ «እዚህ ጋ» ትላለች፣ ይቆማል። ሌላው «ፌርማታው ላይ» ይላል። ዘንቢል የያዙ እናት «ልጄ፣ እኔ ደርሻለሁ» አሉ፤ ቆመላቸው። ከኋላ ተኝታ የነበረች ሴት ባንና «ኧረ አለፈኝ!» ብላ ጮኸች፤ ለሷም ቆመ። ጋሽ ፍስሐ ክንዴን ጨምቀው ያዙኝ።

«አየህ? አንዱንም አላወቅህም አላለም!»

መውረጃችን ካለፈ ቆይቷል። እኔ ብነግራቸውም አልሰሙኝም፤ ሌላ ነገር ገብቷቸዋል። ሲቆም ሁሉም እየጮኸ ነው፤ ሲነሣ ግን ሽበት ያለው ረዳት ጣሪያውን መታ አድርጎ «ሳበው!» ሲል ብቻ ነው። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ረዳቱ ወርዶ ሰው ሲጣራ፣ ጋሽ ፍስሐ ሳያስጠነቅቁኝ ጣሪያውን መታ መታ አደረጉና በወፍራም ድምፅ «ሳበው!» አሉ።

ሹፌሩ ሳበው።

ረዳቱ ከኋላችን እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል። ተሳፋሪው ይጮኻል። ሹፌሩ በመስታወት አይቶ ፍሬን ያዘ፤ ሁላችንም የፊታችንን ወንበር ሳምን። ረዳቱ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰና «ማነው ሳበው ያለው?» አለ። ጋሽ ፍስሐ ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ ጣታቸውን አወጡ።

«እኔ ነኝ። ለሙከራ ነው።»

«ለምን?»

«ለሙከራ። አመሰግናለሁ፣ በጣም ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ።»

አወረዱን። ያን ሁሉ መንገድ በአቧራ ውስጥ በእግራችን ተመለስን፤ እኔ ስበሳጭ እሳቸው ሙሽራ ነው የሚመስሉት። «ሰለሞን፣ ልቁም ላለ ሁሉ መቆም አለበት፤ በፈለገው ቃል ይበል። መመለሻ የሌለውን ነገር ግን ማንም እንዳገኘ አይበለው። ሰውዬውን መንገድ ላይ ጥለነው ነበር እኮ!» ይላሉ። በማግስቱ «ወራጅ» የሚለውን ቃል ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡት፤ አቁም ማለት ነው።

ቅድስት አለቃ ሆና የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ጎበዝ ናት፤ ዛሬም ጎበዝ ናት። የጋሽ ፍስሐን ሥራ ገልጣ ስታይ «ወራጅ»ን አገኘችና ወንበሯን ገፍታ ተነሣች።

«ጋሽ ፍስሐ፣ የመድኃኒት ፕሮግራም ውስጥ ወራጅ ምን ይሠራል?»

«ይወርዳል» አሉ።

አልሳቀችም። ክርክሯም የዋዛ አልነበረም። «ዛሬ ጫን ማለት ላክ ነው አልን። ነገ ወይዘሮ ትርንጎ ዕቃ መኪና ላይ የሚጫንበትን ጨምሩልኝ ቢሉ፣ ያንን ምን ልንለው ነው? ደግሞ አንዷ ጫን፣ አንዷ ስደድ፣ አንዷ አድርስ እያለች ከለመደች፣ እርስ በርስ እንዴት ይረዳዳሉ? ለአንድ ሥራ አንድ ቃል፤ እሱን ማስተማር ነው።» ጋሽ ፍስሐ ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ነገ ሲመጣ ነገ እንጣላለን፣ ጽጌ» አሉ።

«ስሜ ቅድስት ነው።»

ጋሽ ፍስሐ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው «ያልታወቀ ትእዛዝ» አሉኝ በሹክሹክታ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ እሳቸው ባወጡለት ስም ሲጠራ አቤት ይላል፤ እሷ ብቻ ጽጌ ስትባል ዞራም አታይም።

ቅድስት ለአንድ ሥራ አንድ ቃል ብቻ ያለው የራሷን ፕሮግራም ሠራች። ነገሩን ወይዘሮ ትርንጎ መጥተው አይተው እንዲወስኑ ተባለ። የሷ ከተመረጠ የጋሽ ፍስሐ ሥራ ይጣላል፣ እሳቸውም ጡረታቸውን ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ለነገሩ የጡረታ ዕድሜያቸው ካለፈ ቆይቷል። ያን ሰሞን ምሳ ላይ ሳይበሉ እንጀራውን ሲቆራርሱ አይቼ «ምን ያስጨንቅዎታል፣ ቢያርፉ አይሻልም?» አልኳቸው።

«ቤት ቁጭ ካልኩ ማን ይጠራኛል?» አሉኝ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ እኔ ግን የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና መሃል ተቀመጡ። «ቶሎ በሉ፣ ቀራንዮ ሰው ይጠብቀኛል» አሉ። ቅድስት ቀደመች። ላክ አለችው ላከ፣ አቁም አለችው ቆመ፤ የተወለወለ ነገር ነው። ወይዘሮ ትርንጎ ወደውት ራሳቸውን ነቀነቁ።

የጋሽ ፍስሐ ተራ ደረሰ፤ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። መነጽራቸውን አቀያየሩ፤ መልሰው አቀያየሩ። ለሙከራ ተብሎ የተዘጋጀ የውሸት ቅርንጫፍ አለ፤ የሳንሱሲን ክምችት ወደዚያ መላክ ነበረባቸው። በሩቁ መነጽር የቅርቡን እያዩ እውነተኛውን የቀራንዮን መድኃኒት ቤት መረጡ። የሳንሱሲ ክምችት ዝርዝር በቀራንዮው ዝርዝር ላይ እየተጻፈ ያጠፋው ጀመር። ይህ ካለቀ የቀራንዮው መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ አያውቅም፤ ሰው ደግሞ እየጠበቀ ነው፣ ሴትየዋ አሁን ነግረውናል።

እኔ አየሁት፤ ቅድስትም አይታለች። ጋሽ ፍስሐም አዩት። እጃቸውን ፊደሎቹ ላይ ዘረጉና ደረቁ።

«ጋሽ ፍስሐ፣ ያስቁሙት እንጂ!» አለች ቅድስት።

ያ ሁሉ ሲለቅሙት የከረሙት ቃል፣ «አቁም»ም፣ «በቃ»ም፣ «ተው»ም፣ ከጭንቅላታቸው ብን ብሎ ጠፋ። ፊታቸው ላይ ሲጠፋ ይታይ ነበር። ከዚያ ፌርማታው እንዳለፈው ተሳፋሪ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ጮኹ፦

«ወራጅ አለ!»

ጣቶቻቸውም አፋቸውን ተከትለው ያንኑ ጻፉ። ጥቁሩ መስኮት ላይ እንዲህ የሚል ወጣ፦ «ወራጅ ሲሉ አቁም ማለትዎ መስሎኛል። እሺ፣ ቆሜያለሁ።» የቀራንዮ ክምችት ገና ከላይ ከላዩ ነበር የተነካው፤ እኔና ቅድስት ወዲያው መለስነው።

ቀድመው የሳቁት ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ እንደገና ሳቁ።

«ይኼ ነገር ታክሲ ነው እንዴ?»

«ነው፣ እመቤቴ» አሉ ጋሽ ፍስሐ፣ አሁንም እንደቆሙ።

ቅድስት ተናድዳለች። «እኔ በሠራሁትም እኮ ይቆም ነበር! አቁም ማለት ብቻ ነው!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ቃሉ ጠፋኝ።»

ለሌላ ሰው የሠሩት መስሏቸው ነበር፤ ለማርታ፣ ለሥጋ ቤቱ ባለቤት። ያን ቀን የዳኑበት ራሳቸው ናቸው፤ ይህንንም በሰው ሁሉ ፊት ሳያፍሩ አመኑ። ቅድስት ወንበራቸውን መልሳ አቀረበችላቸው።

ወይዘሮ ትርንጎ ነጠላቸውን እያነሡ ፈረዱ። «እኔም ስደነግጥ የልጄ ስም ይጠፋኛል። የሳቸውን አድርጉልኝ። እሳቸውን ግን ብቻቸውን ከማሽኑ ጋር አታስቀምጧቸው፤ ይቺ ልጅ ትጠብቃቸው።»

እንዲህ ሆነው ሁለቱም ሥራቸው ላይ ቀሩ። እንግዳዋን ሸኝተን ስንመለስ ጋሽ ፍስሐ ወንበራቸው ላይ ዘጭ ብለው «ጽጌ» አሉ፤ ከልምድ ነው እንጂ መልስ ጠብቀው አይደለም።

«አቤት» አለች ቅድስት።

ጋሽ ፍስሐ ሁለቱንም መነጽር አውልቀው አዩዋት።

ከዚያ በኋላማ ቅድስት ባሰባት። ቃል ይዛ የምትመጣው እሷ ሆነች። «መሰረዝ»ንም እናላላው ብላ «አጥፋ»ን፣ «ደምስስ»ን፣ «አውጣ»ን ደርድራ አመጣች። ጋሽ ፍስሐ እጃቸውን አወዛወዙ። «አይሆንም፣ ጽጌ። ያን ቀን ታክሲው ውስጥ አልነበርሽም።» ለማቆም ማንኛውም ቃል ይበቃል፤ ለመሰረዝ ግን ማሽኑ ምንም አይገምትም፣ አጭር ቃል አይቀበልም፣ የሚሰረዘውም ነገር በመዝገብ ስሙ እስከ መጨረሻው መጻፍ አለበት። «የሚሰርዝ ሰው ትንሽ ይድከም» ነበር የሚሉት። እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ይህን ማንም አላስለወጣቸውም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ቅድስት ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ሥራ የለቀቀ ሰው ስሙ ከፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ውስጥ መውጣት አለበት፤ የቤቱ ደንብ ነው፣ ደንቡንም ያወጣችው እሷ ናት። «የጋሽ ፍስሐን አንተ አውጣልኝ» አለችኝ። ለምን ራሷ እንደማታወጣው አልጠየቅኋትም።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ --ሰርዝ ብዬ ጻፍኩ።

«ለዚህ ሥራ አጭር ቃል አልቀበልም፤ ሙሉውን ይጻፉ» አለኝ። --ሙሉ-በሙሉ-ይሰረዝ ብዬ ጻፍኩ።

«የሚሰረዘው ማን ነው? በመዝገብ ስሙ ይጻፉልኝ።»

ጋሽ ፍስሐ ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም አለኝ። ቲቸር አልኩት፣ አላውቅም አለ። ጌትዬ አልኩት፣ አላውቅም አለ። ሁለት መነጽር የሚያደርጉት ሰውዬ አልኩት፤ ሱቅ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ አላውቅም አለ። ጫን ሲሉት ላክ፣ እባክህ ሲሉት እሺ የሚለው ማሽን፣ እሳቸውን ለመሰረዝ ሲሆን ድንጋይ ሆነብኝ። ከዚያ ጥሩምባው ትዝ አለኝ። ኃይለ መለኮት ወልደ ተንሳይ ብዬ ጻፍኩ።

«አግኝቻቸዋለሁ። ከሰረዝኳቸው መመለስ አልችልም። ልቁም ካሉ በመሰለዎት ቃል ይንገሩኝ፤ ይገባኛል።»

ይህን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ድምፃቸውን ሰማሁት። ደንቡም ትክክል ነው፣ ሰውየውም የሉም፤ ይህን አላጣሁትም። እጄ ግን እምቢ አለ። አቁም የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፣ አልጠፋኝም። --ወራጅ ብዬ ጻፍኩ።

«ወራጅ ሲሉ አቁም ማለትዎ መስሎኛል። እሺ፣ ቆሜያለሁ።»

ዞር ስል ቅድስት ከኋላዬ ቆማ መስኮቱ ላይ ያለውን ታነባለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሰለሞን» አለችኝ።

«አቤት።»

«እሳቸው ይቀመጡ በቃ። ቦታ አለ።»